ዓለም ጤናን ስንሰናበት

የአገልግሎት ጉዞ ሲያልቅ ሁለት ነገር ይሞላል፦ ዓይን በእንባ፣ ስልክ በፎቶ። ከአዲስ አበባ የሄድነው የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች በዓለም ጤና ያሳለፍናቸው አሥር ቀናት አለቁ። ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ይህችን ከተማ ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ በመስኮት አይታችኋት ይሆናል። እኛ ወርደን ቆየንባት።

ከአሁኑ የሚናፍቀኝ ብዙ ነው። ማለዳ የሚቀሰቅሰን የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ በግራር ጥላ ሥር ከልጆቹ ጋር ያጠናነው መዝሙር፣ ያሳደሩን እናት "ምነው፣ አልጣማችሁም እንዴ?" እያሉ ሦስቴ የሚጨምሩልን እንጀራ። አፋን ኦሮሞ የማንችለውም ብንሆን "ገለቶማ" ብለን ማመስገን ለምደናል። ልጆቹ አነጋገራችንን እያረሙ ሲስቁብን መምህሮቹ እነሱ፣ ተማሪዎቹ እኛ ነበርን።

የስንብቱ ዕለት ለፎቶ ስንሰበሰብ ግን አንዳንዶቹ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጥርሳቸው በልዟል። አብራን ያገለገለች የከተማዋ ነርስ ምክንያቱን ነገረችን። "ጥርሳቸውን ስለማይፍቁ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃው ነው" አለች።

በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወስደው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የከተማዋን ስም የሚጋራው የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ ልጅ ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ለዓመታት ከጠጣ ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስ አጥንትም ይጎዳል። ብሩሽ አያስለቅቀውም። ውሃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያጠፋውም። የሚረዳው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው።

ይህን ደግሞ በአሥር ቀን የሚጨርስ ቡድን የለም። ታዲያ እንግዳ መጥቶ መሄዱ ምን ይጠቅማል? መልሱን ቅርብ ካለችው አዳማ ታሪክ አገኘሁት።

አዳማ ናዝሬት ስትባል፣ በእኛ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን በአርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመውን ሆስፒታል ማስተዳደር ጀመሩ። የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ መነሻው እሱ ነው። በሽተኛ ከማከም ጎን ለጎን የአገሬውን ወጣቶች ድሬሰር አድርገው አሠለጠኑ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በየከተማው ክሊኒክ ከፈቱ፤ ወንጌሉንም በራሳቸው አፍ አወሩ። ከዚህ ሥራ የበቀለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም በደርግ ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። ምእመናኑ ግን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ቀጠሉ። ደርግ ወድቆ በግልጽ ሲወጡ ቁጥራቸው ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ነበር።

እንግዳው ሄደ፣ ሕንፃው ተወሰደ፣ ሥራው ቀረ። በአገሬው እጅ ስለነበረ ነው።

እኛም በመጨረሻዎቹ ቀናት ያደረግነው በትንሹ ይህንኑ ነው። የልጆቹን ትምህርት ሁለት የከተማዋ ወጣቶች ተረክበዋል። ያዋጣነው ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ አሸንዳና ለአንድ ሮቶ እንዲውል ያሉት እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሂሳቡም በእነሱ ኮሚቴ እጅ ነው። አንድ ሮቶ ከተማ አያጠጣም። ለሰንበት ትምህርት የሚመጡ ልጆች ግን ቢያንስ እዚያ ሲውሉ የዝናብ ውሃ ይጠጣሉ።

በዚህ ክረምት ለአገልግሎት የምትወጡ ወጣቶች፣ ሻንጣችሁን ከመሸከፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ያዙ፦ እኛ ስንመለስ ይህን ማን ይቀጥለዋል? ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊትም ልጁንና ወላጁን አስፈቅዱ። አፉን በእጁ የሸፈነ ልጅ መልሱን ነግሯችኋልና እሱን ተዉት።

መኪናው ሲነሳ ልጆቹ "ነጋቲ!" እያሉ ተከትለውን ሮጡ። በሰላም ሂዱ ማለታቸው ነው። እኛም ሰላማቸውን ተመኝተን ተለያየን። ሐምሌ ሲገባ እንደውላለን፤ የመጀመሪያው ጥያቄያችን "ሮቶው ሞላ ወይ?" የሚል ይሆናል።