እውነት ወይስ ተረት? «ዋልያ ቢያልቅም በላቦራቶሪ መልሰው ይሠሩታል»

«ሳይንስ ሕይወት መፍጠር ችሏል፤ ዋልያ ቢያልቅ እንኳ መልሰው ይሠሩታል» የሚል ወሬ አለ። ወሬው ሁለት ተረቶችን አያይዟል፤ ሁለቱም መታረም አለባቸው።

ተረት፦ ሰው ከባዶ ሕይወት ፈጥሯል።

ለዚህ ወሬ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 የተሰማ ዜና ነው። አሜሪካዊው ክሬግ ቬንተርና ባልደረቦቹ የአንድ ባክቴሪያን ዲኤንኤ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ የዘረመል ፊደላት ያሉትን፣ በኬሚካል ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ሠርተው እርሾ ውስጥ ገጣጠሙት። ከዚያ ወደ ሌላ ባክቴሪያ አስገቡት፤ ባክቴሪያውም በአዲሱ ዲኤንኤ እየተመራ መራባት ጀመረ። ትልቅ ሥራ ነው። ተቀባዩ ባክቴሪያ ግን ቀድሞውኑ ሕያው ነበር፤ የዲኤንኤው ጽሑፍም ከሞላ ጎደል ከተፈጥሮ የተቀዳ ነው። በ2016 ያው ቡድን ለመኖር የግድ ያስፈልጋሉ ያላቸውን ጂኖች ብቻ አስቀርቶ 473 ጂን ያለው ሕዋስ ሠራ። ከእነዚህ ውስጥ የ149ኙን ሥራ በውል አላወቀም ነበር።

ለሰሜን ተራሮች አካባቢ ሰው ቅርብ የሆነው ነገር ግን ሌላ ነው። ዲኤንኤው የተቀዳበትም ሆነ የተቀበለው ባክቴሪያ ማይኮፕላዝማ የሚባሉ የፍየል ጀርሞች ናቸው። የቅርብ ዘመዳቸው ደግሞ መንጋ የሚፈጀውን የፍየል ሳንባ በሽታ ያመጣል። ኳታር ውስጥ በጥበቃ ሥር የነበሩ የዱር ፍየሎችን፣ የዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የኑቢያ አይቤክስን ጨምሮ፣ የገደለው ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ የሚሰማሩ ፍየሎች መከተባቸው ለባለቤቶቻቸውም ለዋልያም ይበጃል። ክትባቱ ከውጭ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ተረት፦ የጠፋ እንስሳ ይመለሳል።

ተሞክሯል፤ ያውም በዋልያ ዘመድ። የፒሬኒስ ተራሮች የዱር ፍየል የመጨረሻዋ፣ ሴሊያ የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 ዛፍ ወድቆባት ሞተች። ከመሞቷ በፊት ከቆዳዋ የተወሰደ ሕዋስ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ተቀምጦ ነበር። ከእሱ የተሠሩት ፅንሶች በብዛት ከሽፈው በ2003 አንዲት ግልገል ተወለደች፤ ሳንባዋ ጤናማ ስላልነበረ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ብትተርፍስ? የምትራባበት አውራ የለም። ገደል እንዴት እንደሚወጣ የምታሳያት እናትና መንጋም የለም።

በ2025 የአሜሪካው ኮሎሳል ኩባንያ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የጠፋ ተኩላ መለስኩ ቢልም፣ የተወለዱት ቡችሎች ዘረመላቸው 20 ቦታ ላይ የተነካካ የዛሬ ተኩላዎች ናቸው።

ዋልያ በተፈጥሮ የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከዚያ መዝገብ ያወጣው ላቦራቶሪ አልነበረም። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ልቅ ግጦሽ ቀንሷል፤ የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች በብርድ ገደል ለገደል ዞረዋል። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ የዋልያ ቁጥር እንደገና አሽቆልቁሏል። የዋልያን ሕዋስ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ማስቀመጥ ለክፉ ቀን ይጠቅም ይሆናል፤ እኔም አልቃወመውም። ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ለስካውቶቹ ደመወዝ፣ ለፍየሎቹ ክትባትና መሬታቸውን ለለቀቁት ሰዎች መተዳደሪያ ይዋል።