ስርዝ ድልዙ የማይጠፋበት መዝገብ

መርካቶ ላይ ዱቤ የሥራው አካል ነው። ዕቃው በእምነት ይወጣል፣ ማስረጃው ደብተር ላይ ይቀመጣል። ታዲያ ትናንት 12,000 ብር የነበረው ዕዳ ዛሬ 21,000 ሆኖ ቢገኝስ? ማን ቀየረው? መቼ? ለምን? በላጲስ ጠፍቶ እንደገና የተጻፈ ቁጥር መልስ የለውም። ጠንቃቃ ሒሳብ ያዥ ግን የተሳሳተውን በአንድ መስመር ይሰርዘዋል፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋል፣ ይፈርምበታል። የተሰረዘውም ይነበባል።

ስልካችን ላይ ያሉት አፖችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የሆነውን አስታውሱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች አካውንታቸው ውስጥ ከሌለው ገንዘብ ወጪ ሲያደርጉ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተናግሯል፤ የጠፋውንም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ብሎ ገምቶታል። የባንኩ ኮድ ለእኛ ክፍት አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር የትም አገር ያለ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «መጨረሻ የተቀየረው ምንድን ነው?»

ይህን የሚመልሰው መሣሪያ በብዛት ጊት ይባላል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው፣ የሊነክስ አዘጋጆች በነፃ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ መሣሪያ ስለተከለከለባቸው ነው። ዛሬ ጀማሪም ሆነ ትልቅ ኩባንያ ይጠቀምበታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፕሮግራመሩ አንድ ለውጥ ሲጨርስ «ኮሚት» ያደርጋል፤ ማለትም መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። «ጊት ሎግ» ሲባል ዝርዝሩ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይመጣል፤ የለውጡ መለያ፣ የሠራው ሰው ስም፣ ቀኑና አጭር ማብራሪያ። «ጊት ዲፍ» የወጣውን መስመር በመቀነስ፣ የገባውን በመደመር ምልክት ያሳያል። «ጊት ብሌም» ደግሞ እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ይናገራል። ስሙ «ወቀሳ» ቢሆንም ጥቅሙ ሰው ለማሳጣት አይደለም፤ ማንን መጠየቅ እንዳለብን ለማወቅ ነው።

በጣም የሚገርመው «ባይሴክት» ነው። ከ1,000 ለውጦች አንዱ ፕሮግራሙን አበላሸው እንበል። አንድ በአንድ ማየት የለብንም። መሐሉን እንሞክራለን፤ እዚያ ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፣ ከተበላሸ ደግሞ እዚያው ወይም ከዚያ በፊት። የቀረውን እንደገና ለሁለት እንከፍላለን። 10 ጊዜ ያህል ስንሞክር ጥፋተኛው ለውጥ ይገኛል። ከተገኘ በኋላም አይፋቅም። «ሪቨርት» ለውጡን የሚሽር አዲስ መዝገብ ይጨምራል፤ ልክ እንደዚያ ሒሳብ ያዥ።

መዝገቡን በስውር መቀየርስ ይቻላል? የእያንዳንዱ ለውጥ መለያ የሚሰላው ከይዘቱና ከፊቱ ካለው ለውጥ መለያ ነው። አሮጌው ከተነካ ከሱ በኋላ ያሉት መለያዎች ሁሉ ይቀየራሉ፣ ቅጂ ያላቸው ሰዎችም ይነቃሉ። ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ጊት የተነገረውን ስም ይቀበላል። በዲጂታል ፊርማ ካልተረጋገጠ፣ ሰው በሌላ ሰው ስም ሊያሰፍር ይችላል።

ሌላም ጥቅም አለው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ በእሳት ስትጋይ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ሱቅ ሲቃጠል ውስጡ ያለው ደብተር አይተርፍም። ጊት ላይ ግን ፕሮጀክቱን የቀዳ ሰው እንደተለመደው ሙሉ ታሪኩንም ይዞ ይሄዳል። የአንዱ ኮምፒውተር ቢጠፋ ሌላው ጋ አለ።

ይኸው ጥንካሬ ጀማሪዎችን ያስቀጣል። የቴሌግራም ቦት ሠርታችሁ ምስጢራዊ ቁልፉን ኮዱ ውስጥ ከረሳችሁትና ጊትሀብ ላይ ለሕዝብ ከለቀቃችሁት፣ በማግሥቱ መሰረዝ አያድናችሁም። ታሪኩን የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል። መፍትሔው ወዲያው አሮጌውን ቁልፍ ሰርዞ አዲስ ማውጣት ነው።

ይህን ለማየት ላፕቶፕ አያስፈልግም። የቴሌግራም የአንድሮይድ አፕ ኮድ ጊትሀብ ላይ ክፍት ነው። አማርኛ የምንጽፍባቸው የኪማን ኪቦርዶችም እንዲሁ፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠራው እዚያ ይገኛል። በስልካችሁ ብሮውዘር ግቡና «ኮሚትስ» የሚለውን ንኩ። ቴሌግራም ላይ መልእክት ሲታረም «ኤዲትድ» ይላል እንጂ በፊት ምን እንደነበረ አያሳየንም። እዚህ ግን ሁለቱም ይታያሉ።

የራሳችሁን ኮድ ስታሰፍሩ ደግሞ ማብራሪያው ላይ «አስተካከልኩ» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንደተቀየረ መሣሪያው ራሱ ያሳያል፤ ለምን እንደተቀየረ ግን ካልጻፋችሁት ማንም አያውቅም። ከስድስት ወር በኋላ እናንተም ጭምር።