ወሬ ከሰልፍ ሲቀድም

የባንክ ትልቁ ሀብት አመኔታ ነው ይባላል። አመኔታ በስንት ሰዓት እንደሚተን ያሳየው የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ነው።

ባንኩ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2023 በእጁ ከነበሩት ሰነዶች 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡትን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩንና አዲስ ካፒታል መፈለጉን አስታወቀ። ሰነዶቹን የገዛው ወለድ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ነበርና ወለድ ሲወደድ ዋጋቸው ወርዶበታል።

ደንበኞቹ በአብዛኛው የሚተዋወቁ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ነበሩ። በትዊተርና በስልክ የመልእክት ቡድኖች አንዱ ሌላውን ገንዘብህን አውጣ ይለው ጀመር። ጋዜጦች ሽሚያውን ዘገቡ፤ ዘገባው ደግሞ ተመልሶ በየስልኩ ተሰራጨ። ማርች 9 ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። በማግስቱ ሌላ 100 ቢሊዮን እንደሚጠየቅ ሲታወቅ ተቆጣጣሪዎች ባንኩን ዘጉት።

በ2008 ከዋሽንግተን ሚውቹዋል ባንክ 16.7 ቢሊዮን ዶላር የወጣው በ10 ቀን ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ለመበደርም ሆነ ገዥ ለመፈለግ ፋታ ነበረው፤ አሁን ፋታው አንድ ቀን አይሞላም።

ይሁንና ጉድጓዱን የቆፈረው ወሬ አይደለም። ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከ250 ሺህ ዶላሩ የመድን ጣሪያ በላይ ስለነበር ደንበኛው የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። ኋላ መንግሥት ለአስቀማጮች ሲደርስ ባለአክሲዮኖች ሜዳ ላይ ቀሩ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ነውና፣ አክሲዮን የያዘ ሁሉ ከወሬው በፊት የሂሳብ መግለጫውን ቢያነብ ይበጀዋል።