ከፍታ ብቻ ቢበቃ ደባርቅም በቆጂ በሆነች ነበር

ሰሞኑን የጀማሪ መምህራን የሙያ ትውውቅ ፋይል የሚዘጋበት ጊዜ ነው። የዓመት የሜንተርነት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ እየተፈረመ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ «ጥሩ ሜንተር ማለት ውስጥህን የሚያነቃቃ ሰው ነው» የሚል ጽሑፍ ከቻናል ወደ ቻናል ሲዘዋወር ሰነበተ። ፈራሚውም አነቃቂውም የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ጀማሪው ሥራውን ሲሠራ ሁለቱም አጠገቡ የሉም። ሜንተርነት ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከስልጠና አዳራሽ ይልቅ ማለዳ ሜዳ ላይ ታዳጊዎችን ወደሚያሠራው አሰልጣኝ ቢሄድ ይሻለዋል። ምክንያቴን በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

1. መጀመሪያ «ከፍታው ነው» የሚለው ወሬ ይቁም። የኢትዮጵያ ሯጭ ባሸነፈ ቁጥር ምስጋናው ለአየሩ፣ ለደሙና ለገብሱ ይሰጣል። እስቲ ነገሩን በራሳችን አገር እንፈትነው። የአርሲዋ በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሰሜን ጎንደሯ ደባርቅም እንዲሁ። ጎረቤቷ ዳባትም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ገብሱ ያው ገብስ፣ ብርዱ ያው ብርድ፣ ደብተሩን ታቅፎ ዳገት እየወጣ ትምህርት ቤት የሚደርሰውም ልጅ ያው ነው። የቦሊቪያዋ ላፓዝ 3,600 ሜትር ላይ ተቀምጣ የረጅም ርቀት ሩጫ መናኸሪያ አልሆነችም። ከበቆጂ ግን ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ፣ ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስና በቤጂንግ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግና በለንደን የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቁ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናትም የኢትዮጵያ ታላላቅ የማራቶን ሯጮች በብዛት የመጡት ከአርሲና ከሸዋ መሆኑን አሳይተዋል። ደጋው ሁሉ እኩል አላፈራም ማለት ነው። «በቆጂ እኮ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት፣ ክለቦቹም አዲስ አበባ ናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከደባርቅ እስከ አዲስ አበባ ያለው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀላል እንቅፋት አይደለም። ክለብ ግን የሚወስደው የሚታይ ልጅ ሲኖር ነው። ልጁ ለክለብ ዓይን እስኪበቃ ድረስ ያደረሰው ሰው አለ። በበቆጂ ያ ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። መምህር ነበሩ። ደባርቅም ያለ ሙያ ነው።

2. አሰልጣኝ ከመናገሩ በፊት ያያል። ልጁ ዙሩ በዝቶበት ሲደክም ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ እጁም ደረቱን እያቋረጠ መወዛወዝ ይጀምራል። አሰልጣኙ ያን ጊዜ ስለ ጽናት ንግግር አያደርግም። «እጅህን ዝቅ! ትከሻህን ልቀቅ!» ይላል። ልጁ በቀጣዩ እርምጃ ያስተካክላል፤ አሰልጣኙም መስተካከሉን እዚያው ያረጋግጣል። የልጁ አረጋገጥም ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፣ አተነፋፈሱም እንደዚያው፤ የዛሬው ሥራ ግን እጁ ነው። ይህን የምለው ሜዳ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ ተቆጥሮ የታየ ነገር ነው። ጆን ውደን በአሜሪካው ዩሲኤልኤ የቅርጫት ኳስ ቡድኑን በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታርፕና ጋሊሞር የተባሉ ተመራማሪዎች ልምምዱ ላይ ተቀምጠው ከአፉ የሚወጣውን መዘገቡ። ከ2,326 ድርጊቶች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቀጥተኛ ትምህርት ነበር፤ ምን ይሠራል፣ እንዴት ይሠራል የሚል። ሙገሳው 7 በመቶ አይሞላም። የማነቃቂያ ንግግር ለሚሸጡልን ሰዎች ይህ ቁጥር ይድረሳቸው።

ሌላም ማስረጃ አለ። ስሚዝና ስሞል የተባሉ ተመራማሪዎች የሕፃናት ቤዝቦል አሰልጣኞችን ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን አጭር ስልጠና ሰጡ፦ ልጁ ሲሳሳት አበረታቱት፣ ወዲያው ደግሞ እንዴት እንደሚስተካከል አሳዩት፣ በስህተቱ አትቅጡት። በዓመቱ ሲታይ ካልሰለጠኑት አሰልጣኞች ልጆች 26 በመቶ ጨዋታውን ትተዋል፤ ከሰለጠኑት ግን 5 በመቶ ብቻ። ልጆቹ የተለዩ አልነበሩም፤ የተለየው ከስህተቱ በኋላ ባለችው ደቂቃ የተባሉት ነገር ነው። ወደ ሥራ ስንመጣ ደግሞ መምህሩ፣ ነርሱ፣ ሒሳብ ሠራተኛው በሁለትና በሦስት ዓመት ሙያውን ጥሎ ሲሄድ «ደመወዝ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ደመወዙ ማነሱን እኔም አልክድም። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻውን ሲደነባበር የከረመ ሰው ግን ደመወዙ ቢጨመርለትም ሥራውን አይወደውም።

አሁን ወደ ፋይሉ ልምጣ፤ ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። የትምህርት ሚኒስቴር በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ ጀማሪ መምህር ለሁለት ዓመት በሜንተር እየተደገፈ የሙያ ትውውቅ እንዲያደርግ፣ ነባሩም በዓመት 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽል ይደነግጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱም ጥሩ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሲደርስ ግን ሥራው ወደ ሰነድ ይቀየራል። ሜንተር የሚመደበው በአገልግሎት ዘመኑ ነው፤ ሌላ ሰው ሲሠራ አይቶ ስህተቱን መለየት ይችል እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሁሉ ሰው ያሰለጥናል ማለት፣ ሃያ ዓመት የሮጠ ሁሉ አሰልጣኝ ይሆናል እንደ ማለት ነው። ከዚያ ቅጹ ይመጣል። «የክፍል ምልከታ ተደርጓል፤ ግብረ መልስ ተሰጥቷል፤ መሻሻል ታይቷል» ይላል። ምን ታየ? ምን ተባለ? ምኑ ተሻሻለ? ቦታም አልተተወለትም። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ የሚያየው ፋይሉ መኖሩን ነው፤ ከወረዳ የሚመጣውም የሚያየው ሱፐርቫይዘሩ ፋይሉን ማየቱን ነው። ከታች እስከ ላይ ሁሉም ሪፖርት ያደርጋል፣ ጀማሪው መምህር ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር አንድ ሰው እንኳ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አላየውም። ይህ የሚያበሳጨኝ ሙያውን ስለማከብር ነው። ሌላው መሥሪያ ቤትም ከዚህ አይሻልም፤ አዲሱን ሠራተኛ «ኦረንቴሽን» ብለው ግማሽ ቀን አዳራሽ አስቀምጠው ጠረጴዛውን ያሳዩታል፣ ስድስት ወር ሲሞላው የአፈጻጸም ውጤቱን ይሞሉለታል።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሜንተር ምን ያያል? አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ጀማሪው ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ይጽፋል፣ ይናገራል፣ ከዚያ ዞር ብሎ «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ትምህርቱ ይቀጥላል። ከመጨረሻው ረድፍ ያለችው ልጅ ደብተሯ ላይ ምንም አልጻፈችም፤ «አዎ!» ስትል ግን ድምፅዋ ከሁሉም ይሰማል። ይህን ከፊት የቆመው አያየውም፤ ከኋላ የተቀመጠው ግን ያየዋል። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ በር ላይ «ነገ ‹ገባችሁ?› አትበል፤ አንዷን በስሟ ጠርተህ በራሷ አነጋገር እንድትነግርህ አድርግ» ቢለው በቂ ነው። ስለ ሰሌዳ አያያዙ፣ ስለ ትምህርት ዕቅዱ፣ ስለ ሰዓት አጠቃቀሙ የዚያን ቀን አይነሳም። በማግስቱ ተመልሶ ገብቶ ያን አንዱን ነገር ያያል። አሥራ አምስት ነጥብ ዘርዝሮ የሚሰጠው ቼክሊስት አንዱንም አያስተካክልም፤ በአንድ ዙር አሥራ አምስት ነገር ማስተካከል የቻለ ሯጭ የለምና።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። «ጊዜ የለም፤ ነባሩ መምህር የራሱ ክፍለ ጊዜ ሞልቶበታል» ይባላል። ክፍለ ጊዜው መብዛቱ እውነት ነው። ግን ፋይል ለማዘጋጀት የሚባክነውን ሰዓት ደምሩት፤ በዚያ ሰዓት ስንት ጊዜ ክፍል ይገባ ነበር? «አዋቂ ሰው እንደ ሕፃን አይታረምም፤ ክብር አለው» የሚለው ይበልጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ነው እርማቱ በር ላይ፣ ለብቻ፣ ተማሪ ሳይሰማ የሚሆነው። ክብር የሚነካው ዓመቱን ሙሉ ዝም ተብሎ በዓመቱ መጨረሻ ዝቅተኛ ውጤት ሲሞላለት ነው። «የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለኝ ደግሞ የጎንደርንና የጎጃምን ቅኔ ቤት እንዲያስታውስ እለምነዋለሁ። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ይነግራል፤ መምህሩ ቤቱ ያልመታበትን፣ ምሥጢሩ የሳተበትን እዚያው ያቃናል። ቀድሞ የገባው ተማሪ ደግሞ አዲሱን ያያል። ይህን ባህል ትተን ቅጽ መሙላትን የወረስነው እኛ ነን።

አንድ ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፦ የታዳጊ ስፖርትም ብዙ ጥፋት አለበት። ዋንጫ የሚያሳድደው አሰልጣኝ ልጁን ከአቅሙ በላይ ያስሮጣል፣ ዕድሜ ያስቀንሳል፣ በ15 ዓመቱ ጉልበቱን ይጨርሰዋል። የዓለም አትሌቲክስ ከ20 ዓመት በታች ያሉ ሯጮችን በሻምፒዮናዎቹ ማራቶን እንዳይሮጡ የከለከለው አካል ሳይጠነክር የተጫነ ጭነት እንደሚሰብር ስለሚያውቅ ነው። እኛ ጋ ጀማሪው መምህር በመጀመሪያው ቀን የሚረከበው በጣም የተጨናነቀውን ክፍል፣ ነባሩ የሸሸውን ፈረቃ፣ ማንም የማይፈልገውን ክበብ ነው። ጀማሪ ነርስም ብቻውን ሌሊት ተረኛ ይሆናል። ማራቶኑን በመጀመሪያ ቀን እናስሮጠዋለን፣ ሲወድቅ «የአሁን ልጅ ጽናት የለውም» እንላለን።

ጀማሪን ሲሠራ አይቶ ለማረም አዲስ ፕሮጀክት፣ አዲስ ስልጠና፣ አበልም አያስፈልግም። ቅጹ የማይቀር ከሆነም ይኑር፤ ከፊርማው በላይ ግን ሦስት ባዶ መስመር ይጨመርበት፦ ጀማሪው ሲሠራ ያየህባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው? በእያንዳንዱ ቀን ያረምከው አንድ ነገር ምንድን ነው? ተመልሰህ ገብተህ ያየኸው መቼ ነው? ይህን መሙላት ያልቻለ ሜንተር አይፈርም፤ ርዕሰ መምህሩም አይቀበለው።