አንድ ጎኑ ዝም ያለ ስቴሪዮ

የድሮ የጃፓን ስቴሪዮ፣ ሳንሱይም ይሁን ፓዮኒር ወይም ኬንዉድ፣ አንድ ጎኑ ሲዘጋ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «አይሲው ተቃጥሏል!» እርግጥ ይቃጠላል። ነገር ግን እንደ ቢታ ገነት ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በማይለቅበት የካፋ አገር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እርጥበት ነው። እርጥበት የጎዳውን ማዳን ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

የስቴሪዮ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት መንገዶች ናቸው። ስለዚህ ደህናው ጎን ለታመመው መፈተሻ ይሆናል። ለዚህ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም።

የባላንስ ማዞሪያው መሐል ላይ መሆኑን ይዩ። ዘፈኑ ከስልክ የሚመጣ ከሆነ የስልኩንም ሴቲንግ ይመልከቱ፤ ድምፁን ወደ አንድ ጆሮ የሚያደላ ማስተካከያ አለው፣ ልጆች ነካክተውት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስቴሪዮውን አጥፍተው ከጀርባው የስፒከሮቹን ሽቦ ግራና ቀኝ ያቀያይሩ። ሲከፍቱት ዝም ያለው ያው ስፒከር ከሆነ ጥፋቱ የስፒከሩ ወይም የሽቦው ነው። ዝምታው ወደ ሌላኛው ስፒከር ከተዛወረ ግን ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። የተጠረጠረውን ስፒከር ከስቴሪዮው ነቅለው በ1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ቢነኩት፣ ጤነኛ ከሆነ «ጧ» ይላል።

ስፒከሮቹ ደህና ከሆኑ ደግሞ ሬዲዮውን ይክፈቱ። ኤፍ ኤሙ በሁለቱም ጎን እየተሰማ የስልኩ ዘፈን በአንድ ጎን ብቻ ከመጣ፣ የሚጠረጠረው ከስልኩ የሚመጣው ገመድ ነው። ቀዩንና ነጩን ጃክ ሲያቀያይሩ ዝምታው ጎን ከቀየረ ሌላ ገመድ ይግዙ። በሁሉም ምንጭ የሚዘጋው ያው አንድ ጎን ከሆነ ግን «ሞኖ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ሁለቱም ስፒከሮች ድምፅ ካወጡ አይሲው ያለበት የኃይል ማጉያ ክፍል ደህና ነው ማለት ነው፤ «አይሲው ተቃጥሏል» የሚለውም ፍርድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ከደረሱ እኔ ቶሎ የምጠረጥረው «ቴፕ ሞኒተር» የሚባለውን ቁልፍ ነው። በእነዚህ ስቴሪዮዎች ውስጥ ድምፁ፣ ቴፕ ባይገጠምም፣ በዚህ ቁልፍ ውስጥ ማለፍ አለበት። ካሴት ከቀረ ወዲህ ግን የሚነካው የለም። በውስጡ ያሉት ብር የተቀቡ ትንንሽ መገናኛዎች በእርጥበትና በጭስ ይጠቁራሉ። እዚያ የሚያልፈው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ቮልት በታች ስለሆነ ያን ስስ ጥቁረት ጥሶ ለማለፍ አቅም የለውም። ሶኬቱን ይንቀሉና ቁልፉን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይጫኑ፣ ይልቀቁ። የምንጭ መምረጫውን፣ ቮሊዩሙንና ባላንሱንም ከዳር እስከ ዳር ያሽከርክሩ። ከዚያ በኋላ የሞተው ጎን እየተንኮሻኮሸ ከመጣ በሽታው ተገኘ። ለዘለቄታው ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ኮንታክት ክሊነር ይረጫል። ቤንዚን አይሞክሩ፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ሌላው ምልክት ይኸው ነው፦ ድምፁ ዝቅ ሲል አንዱ ጎን ይጠፋል፣ ቮሊዩሙ ከፍ ሲል ድንገት ይመለሳል። ይህ የሪሌ ጠባይ ነው። ሪሌ ማለት ስቴሪዮው ከተከፈተ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ቀጭ» ብሎ ድምፁን ከስፒከሮቹ ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ ነው፤ የእሱም መገናኛዎች ይጠቁራሉ።

ሪሌ ማጽዳት ክዳን መክፈት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ይተዉት። ከሶኬት የተነቀለ ስቴሪዮ እንኳ በትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ኃይል ያቆያል። ፊውዝ ከተቃጠለም በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ መመለስ ቤት ማቃጠል ነው።

ባለሙያው ጋ ሲሄዱ የሞከሩትን ሁሉ ይንገሩት። ቴስተር አውጥቶ በስፒከሩ መውጫ ላይ ዲሲ ቮልት ቢለካ ጥሩ ነው። ንባቡ ዜሮ አካባቢ፣ ቢበዛ በአሥር ቤት የሚቆጠር ሚሊቮልት መሆን አለበት። ብዙ ቮልት ካሳየ የመጨረሻው ትራንዚስተር ወይም አይሲ በእርግጥም ተበላሽቷል ማለት ይቻላል፤ ስፒከርም አይገጠምበት፣ ያቃጥለዋል። ሳይለካ «አይሲ ልቀይር» ለሚል ግን አይቸኩሉ፤ ኤስ ቲ ኬ የሚባሉት የድሮ አይሲዎች በገበያ ላይ አስመስሎ የተሠራ የበዛባቸው ናቸው።

ተሠርቶ ሲመለስ ከጭቃው ግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። በክረምት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ይክፈቱት፣ ሙቀቱ ውስጡን ያደርቀዋል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ሲመለስም እስኪረጋ ድረስ አይሰኩት።