ከድምሩ ጀርባ ያሉ ማሽኖች

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 የቢትኮይን ማይኒንግን ስታግድ ማሽኖቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ተበተኑ። ካረፉባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሰዎች ሥራውን «ዳታ ማይኒንግ» ይሉታል። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ቢትኮይን በአገር ውስጥ መገበያያ እንዳልሆነ አስታውቋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ደግሞ ወዲያው በክረምቱ በዘርፉ የተሰማሩት እንዲመዘገቡ ጠየቀ። ስለ ዶላሩና ስለ ሜጋዋቱ ብዙ ተጽፏል፤ ሺህ ማሽን በአንድ ስክሪን እንዴት እንደሚጠበቅ ግን የሚያነሳው የለም።

እያንዳንዱ ማሽን ለመቆጣጠሪያው ዳሽቦርድ ሃሽሬቱን (የስሌት ፍጥነቱን)፣ የቺፑን ሙቀት፣ የፋኑን ዙር፣ የሃሽ ቦርዶቹን ሁኔታና የሚሠራበትን ፑል (ማሽኖች አቅማቸውን የሚያዋጡበትን ማኅበር) ይልካል። ከላይ በትልቁ የሚጻፈው ጠቅላላ ሃሽሬት ለባለሀብቱ ደስ ይላል፤ ለቴክኒሻኑ ግን ምንም አይነግረውም። ከጉና ተራራ ሥር የመጣ የድንች ክምር «ባማካይ ደህና ነው» ቢባል የበሰበሰው የት እንዳለ አይታወቅም፤ ማገላበጥ ይጠይቃል። ማጣሪያና ምደባ ይህ ማገላበጥ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በስም አወጣጥ ነው። በፑሉ ላይ የማሽኑ ስም ከባለቤቱ አካውንት ቀጥሎ ነጥብ ተደርጎ ይጻፋል። ብዙዎች የአይፒ አድራሻውን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ይሰጡታል፤ በ10.23 የሚያልቀው «10ኤክስ23» ይባላል። ቁጥሩ ማሽኖቹ ከተደረደሩበት ኮንቴይነርና መደርደሪያ ጋር እንዲገጥም አስቀድሞ ከተዘረጋ፣ ስሙን ያየ ቴክኒሻን በቀጥታ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ካልተዘረጋ በጩኸቱ መሀል አንድ በአንድ ሲፈልግ ይውላል። እንደ ሃይቭ ኦኤስ ያሉት ሶፍትዌሮች ማሽኖቹን በ«ፋርም» ከፍለው በታግ ያስለያሉ፤ ፎርማንና ኦውሰም ማይነርም ምደባውን በየራሳቸው መንገድ ይሠራሉ። በኪራይ የሰው ማሽን የሚያስተናግድ ድርጅት በደንበኛ መመደቡ ግድ ነው፤ ሒሳቡ የሚወጣው ከዚያ ነው።

«ኦፍላይን» የሚለው ማጣሪያ ብዙ ጊዜ የሚነካው ነው፤ በጣም የሚያሳስተውም እሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደብረ ታቦርና ጋይንት የነበረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ስልኩ አልተበላሸም፣ መስመሩ ነው የጠፋው። ዳሽቦርዱ ግን የተበላሸውንም መስመር ያጣውንም ማሽን በአንድ ቀይ ቀለም ያሳያል። ልዩነቱ የሚወጣው ሲመደብ ነው። የጠፉት ሁሉ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆኑ ስዊቹን ወይም ብሬከሩን ማየት ነው። እዚህም እዚያም ከተበተኑ ጥፋቱ የየማሽኑ ነው። ሳይቱ በሙሉ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ ኢንተርኔቱና የኃይል መስመሩ ይጠየቃል።

ለደጋው አገር ትልቁ ጉዳይ ግን ሙቀት ነው። ብርዱ ይበቃል የሚል ይኖራል፤ ግማሽ እውነት ነው። ቢትሜይን ለአንትማይነሮቹ ያስቀመጠው የከፍታ ገደብ 2,000 ሜትር ነው። ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት ጣሪያ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ገደቡን አልፋለች፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ታቦር ደግሞ ከዚያም ትርቃለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ስለሆነ ከቺፑ የሚወስደው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ፋኑም አብዝቶ ይሽከረከራል። ስለዚህ ቆላ ላይ የተሞከረ የማስጠንቀቂያ ልክ እንዳለ ተገልብጦ መምጣት የለበትም። ሙቀትን ከፋን ዙር ጋር አጣምሮ ማጣራት፣ ከዚያ በመደርደሪያ ደረጃ መመደብ ነው የሚሻለው፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው ረድፍ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይታመማል።

ሌላው ወጥመድ አማካዩ ነው። የቆሙት ማሽኖች ከስሌቱ ከወጡ ግማሹ በሞተበት ቀን እንኳ የቀሪው አማካይ ያማረ ይሆናል። ትናንት ሳይነሣ የተተወ ማጣሪያም ዛሬ የሚያየውን ሰው ያታልላል። ማሽኑ ራሱ የሚናገረው ሃሽሬትና ፑሉ የሚቆጥረው ደግሞ አንድ አይደሉም። ፑሉ የሚገምተው ከደረሰው ሥራ ስለሆነ በአጭር ጊዜ ይዋዥቃል፤ በ24 ሰዓት አማካይ ማነጻጸር ይሻላል። በአንድ ምድብ ልዩነቱ ከሰፋ መስመሩ ዘግይቷል ወይም ሥራው ውድቅ እየሆነ ነው።

ከሁሉም ምድብ አስቀድሜ የማስከፍተው ግን በማሽን ሞዴል የሚደረገውን ነው። አንትማይነር ኤስ19 በ3,250 ዋት 95 ቴራሃሽ ሃሽሬት ይሰጣል፤ ኤስ21 በ3,500 ዋት 200። ለአንድ ቴራሃሽ የመጀመሪያው 34 ዋት ገደማ ሲበላ ሁለተኛው 17.5 ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአንድ ብሎክ ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ሲወርድ ይህ ልዩነት የትርፍና የኪሳራ ድንበር ሆነ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከመመረቁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ኤሌክትሪክ ኃይል ለማይኒንግ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ገልጿል። እንግዲህ ተጨማሪ ሜጋዋት ከሌለ ማደግ የሚቻለው አሮጌውን ማሽን ለይቶ በአዲስ በመተካት ብቻ ነው፤ ዳሽቦርዱን በዋት በቴራሃሽ ያልደረደረ ድርጅትም የትኛውን ቀድሞ እንደሚነቅል አያውቅም።