በሐዲድ ዳር ያሉ ቤቶች በሞዴል

አንድ ሞዴል ባቡር የየትኛው አገር እንደሆነ የሚያስታውቁት ጣቢያው፣ መጋዘኑና የዘበኛ ቤቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የጀርመኑ ፋለር የአውሮፓን መንደር ቤቶች በፕላስቲክ አዘጋጅቶ በሳጥን ይሸጣል፤ ገዢው ገጣጥሞ ይቀባል። ሐምቡርግ ያለው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ደግሞ ከተማና ተራራ ሙሉ በሞዴል ሠርቶ ለሕዝብ ያሳያል። የእኛን ጣቢያ የያዘ ሳጥን ግን አይቼ አላውቅም። የአዲስ አበባውን የለገሃር ጣቢያ የፈለገ ሰው ሜትር ይዞ መነሣት አለበት።

የሚሠራ አልጠፋም። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሃር ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ከአዲሶቹ ደግሞ የፉሪ ለቡ ጣቢያ አለ፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው እዚያ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ የድሮው ይቅደም። ፉሪ ለቡ ነገም አለ፤ የድሮው መስመር ትንንሽ ቤቶች ግን ማንም ሳይለካቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ፈቃድ ጠይቆ፣ የአንድ ሜትር እንጨት ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፎቶ ማንሣት ነው፤ የቀረው ልኬት ከፎቶው ይወጣል።

በዓለም በጣም የተለመደው ስኬል 1 ለ 87 ነው። 2.10 ሜትር በር 2.4 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የድሮው ሐዲድ ወደ 12 ሚሊሜትር፣ 1,435 ሚሊሜትር የሆነው አዲሱ ወደ 16.5 ሚሊሜትር ይወርዳል።

ለዚህ ሥራ እጃቸው የቀረበ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ናቸው፤ ልደታ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት ቤት ሞዴል መሥራት የትምህርቱ አካል ነው። ካርቶን፣ ፎምቦርድ፣ ኮላና ከተር ለሁለቱም ሙያ ያገለግላሉ። ልዩነቱ የተማሪው ሞዴል ገና ያልተሠራ ቤት ስለሚያሳይ ንጹሕ መሆኑ ነው፤ የባቡሩ ቤት ግን ዝናብ የመታው፣ ጭስ የጠጣ መምሰል አለበት።

ፈተናው ጣሪያው ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ የዕቃ ካርቶን ልጦ ሞገዱን ቆርቆሮ ያደርገዋል፤ በዚህ ስኬል ግን ሞገዱ እጅግ ይገዝፋል። የእውነተኛ ቆርቆሮ ሞገድ 7.6 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በሞዴሉ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሚሻለው የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ ላይ ዘርግቶ በጥፍር ቀስ ብሎ መጫን ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ቆርቆሮ ለየብቻ ቆርጦ ከታች ወደ ላይ እያደራረቡ ማጣበቅ ያስፈልጋል፤ አንድ ወጥ ጣሪያ ከሩቅ ይጋለጣል።

ቀለሙ የማያብለጨልጭ ይሁን፣ ከእውነተኛውም ትንሽ ይንጣ። ዝገቱ ቡናማ ቀለም በነካ ስፖንጅ፣ በተለይ ምስማር ባለበትና ቆርቆሮ በተደራረበበት፣ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ለአቧራ ጠመኔ ፍቆ በደረቅ ብሩሽ ከግድግዳው ግርጌ ወደ ላይ እያሳሱ መቀባት ነው፤ በአዋሽ በኩል ላሉት ጣቢያዎች ይህ በጣም ያስፈልጋል። አምፖል የሚገባበት ቤት ውስጡ አስቀድሞ ጥቁር ይቀባል፤ አለበለዚያ ብርሃኑ በካርቶኑ ውስጥ ያልፋል።

ቤቱ ከመሬቱ ጋር ሲገጠም ከሥሩ ክፍተት ከታየ ልፋቱ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ መሠረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ ዙሪያው በተነፋ አፈር ይሞላል፤ ውኃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ኮላ በመርፌ ሲሪንጅ ይንጠባጠብበታል። ሳሙናው ኮላው አፈሩ ላይ ሳይንከባለል እንዲሰርግ ያደርገዋል፤ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ሳይነኩት ማሳደር ነው።